ካፖርቱ ውስጥ የተሰፋው

ስለ ኪሎዋ የምትዋሽ ሴት ብርቅ አይደለችም። ጫማዋን አውልቃ፣ ሰዓቷን ፈትታ፣ ትንፋሿን ውጣ ሚዛን ላይ ወጥታ “ይኼ ሚዛን ልክ አይደለም” የምትለውን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ምናልባትም አንድ ቤት ትኖራላችሁ። ኪሎዋን ከፍ አድርጋ የምትዋሽ ሴት ግን በዕድሜዬ የማውቀው ሁለት ብቻ ነው። አንደኛዋ ካረፈች ሃያ ቀን ሆኗት ነበር። ሁለተኛዋ በዚያ ጠዋት ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ የሆስፒታሉ ሚዛን ላይ ቆማ ነበር።

“ሃምሳ ስድስት” አለች ነርሷ ቁጥሩን እያነበበች። “ጎበዝ! አንቺስ ንቅንቅ የለም።”

“እበላለኋ ሲስተር” አለች ሴትዮዋ።

አልበላችም። አፏ ከቆሰለ ቆይቷል፤ የቀመሰችው ሁሉ ሳንቲም ሳንቲም ይላታል፤ ውሃ እንኳ ዝገት አለው። የጠገበው ካፖርቱ ነው። በጨርቁና በገበሩ መሀል፣ በጠርዙ ዙሪያ፣ በሁለቱ ብብት ሥርና በጀርባው መጋጠሚያ ላይ ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ የብረት ቁርጥራጮች ተሰፍተውበታል። እርስ በርሳቸው እንዳይንኳኩ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ኪስ አላቸው። በየሕክምናው ዙር ከሰውነቷ የጎደለውን ያህል ካፖርቱ ላይ ትጨምራለች።

ይህን ማድረግ አልከበዳትም፤ ሙያዋ ነው። መጋረጃ ሰፊ ናት። ስስ ጨርቅ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ከታች እጥፋቱ ውስጥ ብረት ይገባበታል፤ ይህን ማንም መጋረጃ ሰፊ ያደርገዋል። የሷ ብቻ የሆነው ቀዩ ክር ነው። ብረቱ ያለበትን ቦታ በውስጥ በኩል በቀይ ክር ምልክት ታደርግበታለች፤ የሚያጥበው ሰው አይቶ እንዲያወጣውና ዝገቱ ጨርቁን እንዳያበላሸው። እጅ ደግሞ የለመደውን አይተውም። ማንም ሊያየው የማይገባውን የካፖርቱን ስፌት ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ በቀይ ክር ምልክት አድርጋበታለች።

ዘዴውን ያስተማረቻት ያችኛዋ ናት። ኬሞ፣ የካንሰሩ መድኃኒት፣ በሚሰጥበት ክፍል ወንበሮቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ ክንድ ላይ መርፌ ተተክሎ ሦስት አራት ሰዓት ሲቀመጡ ደግሞ ከጎን ካለው ሰው ጋር አለመዛመድ አይቻልም። ከጎኗ የምትቀመጠው ሴት አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ትቆርጥ ነበር። ስሟን የሚጠራ አልነበረም፤ “ሳቂታዋ” ነበር የምትባለው።

“ስሚኝ የኔ ልጅ” ብላት ነበር በሁለተኛው ዙር። “ኪሎሽ ከወረደ ‘አቅም የላትም’ ብለው መድኃኒቱን ያቆሙብሻል። አንዴ ካቆሙ ደግሞ አይመልሱልሽም። እኔ ምን ይዤ እንደምመዘን ላሳይሽ?” የሹራቧን ኪስ ከፈት ስታደርግ ሁለት ድቡልቡል ድንጋይ ነበር፤ እሷው በሳቅ ፍርስ አለች።

ማን እንደነገራት አልተናገረችም። እንዲህ ያለ ወሬ አባት የለውም። ሐኪሙን መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ግን መልሱን የሚፈራ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ከሃያ ቀን በፊት፣ ሳቂታዋ ትኩሳት ይዟት በገባች በሦስተኛው ቀን አረፈች። ልብሷን የተረከበችው እህቷ ድንጋዮቹን አግኝታ “ይኼ ደግሞ ምንድነው? ይኼ ምንድነው?” እያለች ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች አሉ። ወሬው ምድር ቤት እስካሉት ሠራተኞች ድረስ ወረደ። መጋረጃ ሰፊዋ ግን ይህን አልሰማችም። የምታውቀው ወንበሩ ባዶ መሆኑን ብቻ ነው። ዛሬም ባዶ ነው። ዓይኗ ወደዚያ በሄደ ቁጥር፣ ኪስ ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የምትሰማ ይመስላታል።

ጉዷ ይኼ ብቻ ቢሆን በወደድኩ። ገና ነው።

ከራሷ በላይ በሚንጠለጠለው የመድኃኒት ከረጢት ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይለጠፋል፤ የካርድ ቁጥር፣ ኪሎ፣ ቁመት፣ የመድኃኒቱ ልክ። በመጀመሪያው ዙር ቀና ብላ አየችውና ጽሕፈቱን ለየችው። ሰባትን ወገቡ ላይ መቀነት የሚያስታጥቅ፣ አራትን የተገለበጠ ወንበር የሚያስመስል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ የተለየችው ወዳጇ። ሁለት ዓመት ሙሉ በጻፈላት ደብዳቤዎች ራስጌ ላይ ቀኑን ያሰፈረው በዚያ እጅ ነው።

መድኃኒት ቀማሚ መሆኑን ታውቃለች። ወደዚህ ሆስፒታል መዛወሩን ግን አታውቅም ነበር። ምድር ቤት፣ በመስታወት በተከለለ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ጓንት ደርቦ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይቀምማል። ወደሱ የሚወርደው ትእዛዝ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ስለዚህ በየሦስት ሳምንቱ እጁ የቀመመው በሷ ደም ሥር ይገባል፤ እሷ ታውቃለች፣ እሱ አያውቅም። ቀዩ መድኃኒት ወደ ክንዷ ሲወርድ ዓይኗን ጨፍና በልቧ “መጣህ?” ትለዋለች። ዓይኗን ስትጨፍን ይመጣል፤ ስትገልጥ ከረጢት ብቻ ነው።

የተዋወቁት በመጋረጃ ነው። የእናቱን ሳሎን መጋረጃ ልትሰቅል ሄዳ መሰላሉን ያዘላት። እጥፋቱ ውስጥ ከምታስገባቸው ብረቶች አንዱን አንሥቶ በመዳፉ መዘነና “ሃምሳ ግራም ይሆናል” አለ። ሱቁ ሄዳ ብትጠይቅ ልክ ሃምሳ ግራም! ከዚያ በኋላ “ሚዛኑ” አለችው። እሱ ደግሞ ምላሷን አይቶ “መርፌዬ” አላት።

እናትየው ርዕሰ መምህርት ናቸው። አንድ ቀን ያንኑ መጋረጃ ተደግፈው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ “ሙያሽን አከብራለሁ ልጄ” አሏት። “ግን ያለኝ አንድ ልጅ ነው። የልጅ ልጅ ሳልስም አልሞትም፤ እሱም ከእኩያው ቤት እንዲሆን እፈልጋለሁ።” መርፌ አይደለችም? ለዚህ መልስ አታጣም ነበር። በዚያው ወር ግን ጡቷ ላይ ያገኘችው እብጠት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውንም መድኃኒቱንም፣ መድኃኒቱ የሚወስደውንም አስረዳት። “ፀጉርሽ ይመለሳል” አላት። “ልጅ የመውለዱን ነገር ግን እርግጠኛ ሆኜ አልነግርሽም።”

የዚያኑ ዕለት ደብዳቤ ጻፈች። ባሕር ማዶ የሚኖር ሰው አግብታ ልትሄድ እንደሆነ፣ እንዳይፈልጋት። ታላቅ እህቷ ፖስታውን ስትልክላት “ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ተይ” ብላት ነበር። የሷ ግን እያደር ከበደ።

መልስ መጣ። አልከፈተችውም። ቢረግማት ትሞታለች፤ ቢለምናት ትመለሳለች። ፖስታውን እንደታሸገ ካፖርቱ ገበር ውስጥ፣ በግራ በኩል ሰፋችው። እሱንም በቀይ ክር።

እንግዲህ ያ ጠዋት ሰባተኛው ዙር ነበር። አራቱ የቀዩ መድኃኒት ዙሮች አልቀዋል፤ ቀጥሎ ከሚሰጠው ከነጩ ሦስተኛው ነው። ክንዷ ላይ መርፌው ተተክሎ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች ከረጢቱን ትጠብቃለች። አልመጣም። ከሷ በኋላ ለተመዘኑት መጣላቸው፤ ለሷ አልመጣም። ስልኩ ጮኸና ነርሷ አነሣች፤ እያዳመጠች ወደሷ ዞረች።

“ከታች ነው። እንደገና ትመዘንልኝ ይላሉ። ያለ ጫማ፣ ያለ ካፖርት።”

“ብርድ ብርድ ይለኛል።”

“አንድ ደቂቃ እኮ ነው የኔ እመቤት።”

“ሲስተር፣ በሞቴ ተይኝ! ሃምሳ ስድስት ብለሽ ጽፈሽ የለ?”

ነርሷ ወደ ስልኩ ተመልሳ “እምቢ ትላለች” አለች። ስልኩን ስታስቀምጥ ግራ ተጋብታ ነበር።

“ራሳቸው እየመጡ ነው።”

“ማን?”

“ቀማሚው። ከምድር ቤት ወጥተው አያውቁም፤ ዛሬ ምን እንደነካቸው እንጃ!”

የወንበሩን ክንድ ይዛ ለመነሣት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሰባት ወር ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው ሰው ደረጃ እየወጣ ነው፤ እሷ ፀጉር የላት፣ ቅንድብ የላት፣ የምትሮጥበት እግር የላት። “መጋረጃውን ሳቢልኝ” አለች። “ሲስተር፣ አደራሽን ዙሪያውን ሳቢልኝ።”

ነርሷ ሳበችላት። ሰፊ ናትና እዚያም ሆና ዓይኗ ጠርዙን አየ፤ የሆስፒታሉ መጋረጃ ከታች ብረት የለውም። ሰው ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላል። ብድግ ባለ ቁጥር ደግሞ ከማዶ ጫማ ይታያል። ብዙም ሳይቆይ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ጥቁር ጫማ መጥቶ ከፊቷ ቆመ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ” አለ። “ሊቆጡኝ ይችላሉ።”

እርስዎ አላት። በዚያ በምታውቀው፣ ቃል በቃል መዝኖ በሚያወጣው ድምፅ። መልስ ብትሰጥ ድምፅዋን ያውቀዋል፤ የካፖርቷን ኮሌታ እስከ አፏ ሳበች።

“ስለዚህ መድኃኒት የማውቀውን ልንገርዎት” አለ እሱ። “ዓይን የለውም። ክፉና ደጉን አይለይም። ቶሎ ቶሎ የሚያድገውን ሁሉ ነው የሚገድለው። ካንሰር ቶሎ ያድጋል፤ ይገድለዋል። ፀጉርም ቶሎ ያድጋል፣ የአፍ ሥጋም፣ አንጀትም፣ ደምም። እሾህን በእሾህ ነው። እሾኹ ከልክ ካለፈ ግን እግሩን ራሱን ይበላዋል። ልኩን የሚነግረኝ ደግሞ የእርስዎ ኪሎና ቁመት ነው። እኔ ታች ሆኜ ፊትዎን አላይም፤ ያለኝ ቁጥር ብቻ ነው።”

ጫማው ትንሽ ፈቀቅ አለ።

“የካርድዎን ወረቀቶች ትናንት አንድ በአንድ አየኋቸው። ስድስት ዙር፣ ሃምሳ ስድስት፤ ዛሬም ሃምሳ ስድስት። በዚህ መድኃኒት ላይ ሆኖ ኪሎው ንቅንቅ የማይል ሰው ወይ ራሱ ድንጋይ ነው፣ ወይ ድንጋይ ይዟል። ባለፈው አንዲት እናት...” ቃሉ ተቆረጠበት። “ድንጋዩ ነው የገደላቸው አልልም። በሽታውም ጠንቶባቸው ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ኪሎ ሲቀንስ መድኃኒቱ አይቆምም እመቤቴ። ሐኪሙ አይቶ እንደ ሰውነትዎ ይለካል እንጂ። ማን እንዲህ ብሎ እንዳስፈራራችሁ አላውቅም። ስለ እግዚአብሔር ካፖርትዎን ይስጡኝ።”

ለሌላ ሰው እንዲህ ሲለምን ሰምታው አታውቅም። አንጀቷን በላው። ቁልፎቹን ልትፈታ ብትሞክር ጣቶቿ አልታዘዟትም፤ ነርሷ ገብታ ፈታችላት። ካፖርቱን ከትከሻዋ ስታነሣ “ውይ! ይኼ ምንድነው እንዲህ የሚከብደው?” ብላ ልትጥለው ምንም አልቀራት።

“እስቲ ይያዙልኝ” አለችው በመጋረጃው ክፍተት እያቀበለች።

 መጋረጃው ብድግ ሲል የካፖርቱ ጠርዝ ተገልብጦ አየች። ጓንት የሌለው አውራ ጣት በገበሩ ላይ ቀስ እያለ ሄደ፤ አንዱ ቀይ ምልክት ላይ ቆመ፤ ወደሚቀጥለው ሄደ፤ እዚያም ቆመ።

“ሲስተር” አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። “ካርዱ ላይ ስም አለ?”

“አለ እንጂ...”

“አትንገሪኝ። እስቲ ጥቂት ተይን።”

የነርሷ እርምጃ ራቀ።  ከዚያ፣ ለሁለት ሰው ብቻ በሚበቃ ድምፅ፣ “መርፌዬ” አለ።

እርስዎ የለ፣ እመቤቴ የለ።

“እንዳትገባ!” አለች።

“አልገባም።”

“እንዳታየኝ። በሞትኩት እንዳታየኝ።”

“አልገባም አልኩሽ። ባሕር ማዶ አልነበርሽም?”

“አልሄድኩም።”

“ባልሽስ?”

“ባል የለኝም። ባሌ ይኼ ወንበር ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ እንገናኛለን።”

ይህን ስትል ሳቅ መሰላት፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። ከማዶ ካፖርቱ ሲገላበጥ ይሰማል።

“ገበሩ ላይ ደም አለ” አለ። “ነጠብጣብ ነጠብጣብ።”

“ስሰፋ ነው። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። መርፌው ሲወጋኝ አይታወቀኝም፤ ጨርቁ ላይ ሳየው ነው የማውቀው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ነጩ ከተጀመረ።”

 ሰውነቱን ጥሎ ሲቀመጥ ወንበር ጮኸ። ድምፁ የመጣው ከየት እንደሆነ ስታውቅ ቀና አለች።

“እዚያ አትቀመጥ! የሳቂታዋ ነው።”

“ድንጋይ የያዙት እናት?”

“አዎ።”

“እሳቸውንም የቀመምኩላቸው እኔ ነኝ” አለ። አልተነሣም። “አንቺንም እኔ ነኝ። በዚህ እጄ። ይኼ ካፖርት ስድስት ኪሎ ይሆናል፤ ለሌለ ሥጋ ቀመምኩ መርፌዬ። ለብረት ቀመምኩ፤ የጠጣሽው ግን አንቺ ነሽ። ጣቶችሽ ያለዚያም ሊደነዝዙ ይችሉ ነበር፤ ብዙ ሰው ይደነዝዘዋል። ወይ ደግሞ የኔ ትርፍ ነው። የቱ እንደሆነ አላውቅም። እስክሞት ድረስ አላውቅም።”

ያኔ ነው ያደረገችው ነገር ቁልጭ ብሎ የታያት። ይህ በሽታ የሚያስከፍለውን ብቻዬን እከፍላለሁ፣ እሱን አላስነካውም ብላ ነበር የሸሸችው። ፀጉሯን ከፍላለች፣ የአፏን ጣዕም ከፍላለች፣ የሙያዋን ጣቶች ከፍላለች፤ ልጅም ሳትከፍል አትቀርም። እሱ ግን ከሁሉም ነፃ ነው ብላ ታምን ነበር። አሁን ከማዶ የሚያለቅሰው እሱ ነው፤ ያውም የሷ ውሸት የገዛ እጁን መርዝ አድርጎበት። እሷም አለቀሰች። ሽፋሽፍት የሌለው ዓይን እንባ አይዝም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አላት።

“ልጅ ላልወልድልህ እችላለሁ። እናትህ የልጅ ልጅ ሳልስም አልሞትም ብለውኛል። አንተም ያላቸው አንድ ነህ። በምን ዓይኔ ልያቸው?”

“እናቴ ሳልስም አልሞትም የምትለው አላት” አለ። “እኔም ሳልስም አልሞትም የምለው አለኝ።”

እንዲህ ያለ ቃል ከሱ አፍ ወጥቶ አያውቅም፤ ራሱም የደነገጠ ይመስል ወዲያው ወደ ካፖርቱ ተመለሰ። “በግራ በኩል ብረት ያልሆነ ነገር አለ” አለ።

“ተወው።”

“ወረቀት ነው።”

“ተወው ብዬሃለሁ!”

ጥቂት ክር ተበጠሰ። ፖስታው ሲገላበጥ ሰማች፤ ከገዛ ጽሕፈቱ ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱን አወቀች።

“አልከፈትሽውም” አለ። “ሰባት ወር ሙሉ አንብበሽ ዝም ያልሽኝ መስሎኝ ነበር። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ በልቤ አንድ ሺህ ጊዜ ደግሜ አንብቤዋለሁ፤ የቱ ቃል አስቀይሟት ይሆን እያልኩ።”

“አሁን አንብብልኝ” አለች። “እኔ ፖስታ እንኳ መቅደድ አልችልም።”

ቀደደው። ወረቀቱን ሳያይ የሚያነብ ይመስል ነበር።

“መርፌዬ፣ ይቅናሽ አልልሽም፤ ውሸት አልችልም። እናቴ የሳሎኑን መጋረጃ ልታስቀይር ሌላ ሰፊ ጠርታ ነበር። አላስነካሁም። ታጥቦ ሲመለስ ብረቶቹን መልሶ የሚያስገባ ጠፍቶ እንዲሁ ተሰቀለ። ብረቶቹ እኔ ጋ ናቸው፤ አንዱን በኪሴ ይዤው እዞራለሁ። ስለዚህ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ነፋስ እየተጫወተ ነው፣ እናቴም ታማርራለች። መልሶ የሚሰፋቸውን ሰው አውቀዋለሁ። ባል ካለሽ ይኼን ደብዳቤ አቃጥዪው። ከሌለሽ ግን በፈለግሽው ቀን ነይ፤ መሰላሉን እኔ እይዛለሁ።”

መጋረጃው ተከፈተ። የከፈተው እሱ አይደለም። እሷ ናት።

ሌላ ልቦለድ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ “ቆንጆ ነሽ” ይላት ነበር፤ እኛም እንባችንን ጠርገን እናምነው ነበር። እሱ ግን ሚዛኑ ነው። ከራሷ እስከ እግሯ አያት፤ ሻሿን፣ ቅንድብ የሌለውን ግንባሯን፣ አጥንቱ የወጣ ትከሻዋን። ዓይኑን አላሸሸም።

“ከስተሻል” አለ።

“ከስቻለሁ” አለች።

ካፖርቱ ጉልበቱ ላይ ነበር። ኪሱ ገብቶ አንዲት ትንሽ ብረት አወጣና አሳያት፤ የወጣችው ከሱ ቤት መጋረጃ ነው፤ የቀዩ ክር ቁራጭ እንኳ አልለቀቃትም። ተቀብላ፣ ጨብጣ ወደ ሚዛኑ ተራመደች። እሱ ከኋላዋ፣ ነርሷ በሩ ላይ። አንድ እግሯን ስታነሣ እጁን ዘረጋ።

“የጨበጥሽውን።”

“ሃምሳ ግራም እኮ ነው።”

“ስጪኝ።”

ሰጠችውና ወጣች። የሚዛኑ መርፌ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ቁጥሩን ራሱ አነበበው፣ ጮክ ብሎ፣ ነርሷ እንድትጽፍ።

“አርባ ዘጠኝ” አለ፤ “ተኩል” ሲል ድምፁ ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ መጣ፣ ተቆጣ፣ ደሟን አስመረመረ፣ የጣቶቿን ነገር አንድ በአንድ ጠየቃት፣ ልኩን ከኪሎው ጋር አስተካክሎ ቀነሰው። ቀማሚውም ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ ሁለት ጓንት ደረበ። ታላቅ እህቷ ከመጠበቂያ ክፍሉ መጥታ ካፖርቱን ልታነሣው ብላ አቃታት፤ ምንም ሳትናገር አጠገቧ ቁጭ ብላ ቀያዩን ክር አንድ በአንድ መተርተር ጀመረች። ብረቶቹ ሳህን ላይ ሲወድቁ እየተንኳኩ ነበር። ሰፊዋ ድምፁን ከድንጋዮቹ ድምፅ መለየት አቅቷት ወደ ባዶው ወንበር ደጋግማ አየች።

ከረጢቱ መጣ። ቀና አለች። አራቱ የተገለበጠ ወንበር ነው። አርባ ዘጠኝ ተኩል። በስድስቱም ዙር ከካርዱ ቁጥር በላይ ባዶ በነበረው የስም መስመር ላይ፣ በዚያው እጅ፣ “መርፌዬ” የሚል ተጽፏል። ነርሷ አይታ እንዳላየች ሆነች።

በምሳ ሰዓት መጣ። ባዶው ወንበር አጠገብ ቆሞ ፈቃድ ጠበቀ።

“ተቀመጥ” አለችው። “ሳቂታዋ ብታይህ ደስ ይላታል። ጨዋታ ትወድ ነበር።”

ተቀመጠና መርፌ ያልተተከለበትን እጇን ያዘ። ጠብታው ይወርዳል። ይህ መድኃኒት ያድናት ይሆን? እሱም አያውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች፤ በልቧ “መጣህ?” ልትለው። በጨፈነች ጊዜ ግን እጇ ባዶ ሆነባት። ጣቶቿ ሙቀቱን አልሰሙም፣ ክብደቱንም አልሰሙም፤ ማንም የያዛት አይመስልም። ደንግጣ ገለጠች። እጁ አለ። እንደገና ጨፈነች፣ ጠፋ። ገለጠች፣ አለ።

ስለዚህ ያን ቀን፣ የመጨረሻው ጠብታ እስኪወርድ ድረስ፣ ድካሙ ቢያዳፋትም ዓይኗን አልጨፈነችም።